እግረ ረጅሞቹን ፍለጋ፦ ከዲንሾ እስከ ሐረና ጫካ

ቀን 1፦ ከአዲስ አበባ ዲንሾ

ከቤት የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይነዳል። እኔ አንድ ካርቶን ጭኔ ላይ አቅፌ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ብልቃጦች፣ አልኮል፣ ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽርና ከጋዜጣ ወረቀት ያጣጠፍኳቸው ትናንሽ ፖስታዎች አሉ። መረቡና ነጩ አንሶላ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው።

የባሌ ጉዞ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ቀይ ቀበሮን ነው። እኛ የምንሄደው ለሌላ ፍጥረት ነው። ማታ መብራት ሲበራ ግድግዳ እየታከከ የሚዋልል፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ እግሩ ከሰውነቱ ሁለት ሦስት እጥፍ የሚረዝም በራሪ ሳታዩ አትቀሩም። ብዙ ሰው «ትልቅ የወባ ትንኝ» ይለዋል። በጫማ የሚመታውም አለ። በሳይንስ ከወገኖቹ አንዱ (ወገን የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ነው) ቲፑላ ይባላል፤ ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ያወጣለት ስም ነው። በአማርኛ የራሱ ስም ተሰጥቶት ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔ እግረ ረጅም እለዋለሁ። እዚህም እንደዚያው ነው የምጠራው።

ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። በየክረምቱ መውጫ ተማሪዎቼ ይሄን በራሪ በክብሪት ሳጥን ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?» ይላሉ። «እግረ ረጅም ነው፣ አይናከስም፣ ልቀቁት» እላቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ግን «የትኛው እግረ ረጅም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የተሰጣቸው ከ15,000 በላይ ዝርያዎች ናቸው። እኔ አንዱን እንኳ ከሌላው መለየት አልችልም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳነብና ስለማመድ ከረምኩ። የመሰብሰቢያ ፈቃዱም ተገኘ።

በአዳማ አድርገን በአሰላ መስመር ወጣን። የአርሲ ገብስና ስንዴ ፍሬ ይዟል፤ ሜዳው አረንጓዴና ቢጫ ተቀላቅሎበታል። በቆጂ ላይ ቁርስ በላን። የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ናትና ወንድሜ መንገድ ዳር የሚሮጡትን ልጆች ሲያይ መኪናውን አቀዘቀዘ። ከዚያ አሳሳ፣ ዶዶላ፣ አዳባ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ዲንሾ ገባን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ማታ ያረፍንበት ቤት ባለቤት እሳት አያይዘው ቡና እያፈሉልን ሳለ አንድ እግረ ረጅም ግድግዳው ላይ አረፈ። እሳቸው ነጠላቸውን አነሱ።

«ወባ! ልጄ፣ ዞር በይ!»

«እትዬ፣ ቆይ፣ አይምቱት። ወባ አይደለም።»

ወደ እሳቱ ብርሃን ጠጋ አድርጌ አሳየኋቸው። የወባ ትንኝ ሴቷ ደም የምትመጥበት መርፌ የሚመስል አፍ አላት፤ ይሄኛው ቆዳ የሚበሳ ነገር የለውም። የትንኝ ክንፍ መስመሮቹ ላይና ጠርዙ ላይ ቅርፊት የሚመስል ብናኝ አለው። የእግረ ረጅም ክንፍ ያለዚያ ብናኝ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን ያስተላልፋል። ደግሞ ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ በዚህ ብርድ ወባ አይተላለፍም። እትዬ አጎንብሰው አዩት።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ እግር ለምኑ ነው?» አሉኝ።

አንዱን እግር በጣቴ ጫፍ ያዝ አደረግኩት። እግሩ እጄ ላይ ቀረ፤ እሱ በአምስቱ በረረ። ጠላት እግሩን ሲይዘው እግሩን ጥሎ ያመልጣል። የሚለቀቀውም ከጭኑ ሥር ባለች የታወቀች መገጣጠሚያ ላይ ነው። የወደቀው ተመልሶ አይበቅልም። እትዬ «ምስኪን» አሉና ነጠላቸውን መለሱ። ያን ምሽት ለጎረቤታቸው ሲያስረዱ ሰማኋቸው፦ «ወባ አይደለም፣ እንግዳ ነው።»

ቀን 2፦ ዌብ ወንዝ ዳር

ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ አልጠበቅንም። እግረ ረጅም እርጥበት ይወዳል። ከወንዙ ዳር ሣሩን በመረብ እየጠረግን ሄድን። መረቡን ቀኝና ግራ ማወዛወዝ ቀላል ይመስላል። ወንድሜ ግን መጀመሪያ ሣሩን እንደሚያጭድ ነበር የመታው፤ መረቡ ውስጥ የተሰባበረ እግር ብቻ ተገኘ። ቀስ፣ ዝቅ፣ ለስለስ ማድረግ ነው ነገሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተካነበት።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። አንድ በራሪ እግረ ረጅም ነው ለማለት እግሩ መርዘሙ አይበቃም። ጀርባውን በማጉያ መነጽር ማየት ነው። በትከሻዎቹ መካከል የእንግሊዝኛዋን «ቪ» ፊደል የምትመስል ስንጥቅ አለች። ያቺ ስንጥቅ ካለች፣ ግንባሩ ላይ እንደ ነጥብ ያሉት ሦስቱ ትናንሽ ዓይኖች ከሌሉ፣ ከክንፉ ሥር ተነስተው እስከ ጠርዝ የሚደርሱ ሁለት የኋላ መስመሮች ካሉ፣ እግረ ረጅም ነው። ከክንፉ ኋላ ደግሞ የክብሪት ራስ የመሰሉ ሁለት ዘንጎች አሉ። እነሱ የኋላ ክንፍ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ሚዛን መጠበቂያ ሆነዋል። ዝንብም ትንኝም አላቸው፣ ግን የእግረ ረጅም ረጃጅም ስለሆኑ ያለ መነጽርም ይታያሉ።

ቀጥሎ ቤተሰቡን መለየት ነው። እግረ ረጅሞች በአራት ቤተሰብ ይመደባሉ። ፔዲሲዴና ሲሊንድሮቶሚዴ የሚባሉት አነስ ያሉና በአብዛኛው የቀዝቃዛ አገር ናቸው። እኛ አካባቢ ሥራ የሚበዛው ቲፑሊዴና ሊሞኒዴ ላይ ነው። ቲፑሊዴ ተለቅ ተለቅ ያሉት ናቸው። ከአፋቸው አጠገብ የተንጠለጠለችው መዳሰሻ የመጨረሻ ክፍሏ እንደ ጅራፍ ይረዝማል። ብዙዎቹ ሲያርፉ ክንፋቸውን ዘርግተው ነው። ሊሞኒዴ አነስ ይላሉ፣ መዳሰሻቸውም አጭር ናት። አብዛኞቹ ክንፋቸውን ጀርባቸው ላይ አጥፈው ያርፋሉ። በዝርያ ብዛት ግን የሚበልጡት እነሱ ናቸው፤ ከ10,000 በላይ።

እርግጠኛ ለመሆን የክንፉን የፊት ጠርዝ አያለሁ። ከጠርዙ ቀጥሎ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። በቲፑሊዴ ያቺ መስመር ወደ ውስጥ ታጥፋ ከኋላዋ ያለችው መስመር ላይ ታልቃለች። በሊሞኒዴ ወደ ፊት ወጥታ ጠርዙን ትነካለች። ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ዓይን ሳይ ቁልፍ በበሩ ውስጥ የዞረ መሰለኝ። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም ዝም ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ።

ከሰዓት በኋላ ስህተት ሠራሁ። ሃያ የሚሆኑትን አንድ ብልቃጥ አልኮል ውስጥ ጨመርኳቸው። ማታ ከፍቼ ሳይ እግሮቹ ሁሉ ወልቀው ታች እንደ ጭድ ተከምረዋል። የትኛው እግር የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። እግር ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ ፀጉሮችና እሾኾች ለመለየት ያስፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ አንድ በራሪ ለአንድ ፖስታ ሆነ። ደርቆ በወረቀት የተቀመጠ እግረ ረጅም እግሩ ቢወልቅም እዚያው ፖስታው ውስጥ ይገኛል።

ቀን 3፦ ሳነቴን ማቋረጥ

ከጎባ ወደ ሳነቴ ወጣን። 4,000 ሜትር ላይ ያለ ሜዳ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ነፋሱ መረብ አያስይዝም። ጅብራዎቹ እንደ ዘብ ቆመዋል። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጦ አይጥ ፍለጋ ሄደ። ወንድሜ መኪናውን አቁሞ እስኪሰወር ድረስ አየው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይገባዋል።

እግረ ረጅም ግን አላገኘሁም። ይሄ ማለት የለም ማለት አይደለም። በቀዝቃዛ አገር ክንፋቸውን ጨርሰው ያጡ አሉ፤ ኪዮኒያ የሚባለው ወገን በረዶ ላይ እንደ ሸረሪት እየተራመደ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ድንጋይ ሥርና የሣር ጉቶ ሥር እየፈለግኩ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ተውኩት።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዓለም ይቀየራል። መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ቀርከሃና ሽበት ያበቀሉ የሚመስሉ የኮሶ ዛፎች። ሽበቱ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለ ሊከን የሚባል ጢም መሳይ ነገር ነው። ጉሙ መኪናችን ውስጥ ገባ። ሪራ ደረስን።

እዚያ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ንብ ያነባሉ። ቀፎዎቻቸው ጫካ ውስጥ ከፍ ያሉ ዛፎች ላይ ናቸው። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። መንገድ እንዲያሳዩን ለመንናቸው። መረቤን አዩና «ቢራቢሮ ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። ፖስታ ከፍቼ አንድ እግረ ረጅም አሳየኋቸው።

«ይሄንን! ይሄማ ታች ጫካው ውስጥ ድር ላይ ይሰቀላል።»

«የሸረሪት ድር ላይ ሐጂ?»

«አዎ። ነገ አሳይሻለሁ።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ነገር አንብቤአለሁ። በሞቃት አገር ጫካዎች አንዳንድ ሊሞኒዴ ሆን ብለው የሸረሪት ድር ላይ ያርፋሉ። ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ቀን 4፦ ሐረና

ከሐጂ ጋር ወደ ታች ወረድን። ሐረና ወደ ቆላው እየወረደ የሚሄድ ትልቅ ጫካ ነው። ላይ ኮሶ፣ መሐል ዝግባና ሌሎች ግዙፍ ዛፎች፣ ታች ጥላ ሥር የበቀለ የዱር ቡና። ሐጂ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላ፣ እኔ መሐል። እሳቸው በየመንገዱ ቆም እያሉ ቀፏቸውን ያሳዩናል። ከታች ሆነው ንቦቹ አሉ የሉም የሚለውን በጆሯቸው ያውቃሉ።

ጅረት ዳር ስንደርስ ድንጋይ ላይ ያለውን ሞስ (ምንጣፍ የመሰለ እርጥብ አረንጓዴ ተክል) በእጄ ነቅዬ ነጭ ሳህን ላይ ጨመቅኩት። ትል የመሰለ ግራጫ ነገር ወጣ። እግር የለውም። ወንድሜ «ፊቱን እይው፣ ሁለት ዓይን አለው» አለ። ያየው ግን ጅራቱን ነበር። የእግረ ረጅም እጭ ጭንቅላቱን ወደ ሰውነቱ ውስጥ ይሰበስባል። ከኋላ በኩል ግን ጠፍጣፋ ነገር አለው፤ እዚያ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ዙሪያቸውን እንደ ጣት ያሉ ሥጋዎች ከበዋቸዋል። እጮቹን ለመለየት የሚያገለግለው አንዱ ምልክት የእነዚህ ጣቶች ቁጥርና ቅርጽ ነው።

እጩን ካላየን ይሄን ፍጥረት አናውቀውም። የጎልማሳው ዕድሜ አጭር ነው፤ በአብዛኛው ቀናት ነው። ረጅሙን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እርጥብ አፈር፣ ሞስ፣ የበሰበሰ ግንድ፣ የወንዝ ደለል ውስጥ ነው። የወደቀ ቅጠል ይበላል፤ አዳኝ የሆኑም አሉ። እሱን ደግሞ ወፍ፣ ዓሣና እንቁራሪት ይበሉታል። ጫካው የጣለውን ቅጠል ወደ ሥጋ ከሚቀይሩት አንዱ ነው።

አንድ ቁጥቋጦ አበባ ላይ ደግሞ አፉ እንደ መርፌ የረዘመ ትንሽ በራሪ አየሁ። ሐጂ «ይሄ ይናከሳል» አሉ። አይናከስም፤ የሚጠጣው የአበባ ወለላ ነው። አፋቸው የረዘመ ሊሞኒዴዎች አሉ። አንዱ ወገን ጄራኖሚያ ነው፤ ሌላው ከዝሆን የተወሰደ ስም ያለው ኤለፋንቶሚያ። እንዴት ይለያሉ? በኤለፋንቶሚያ መዳሰሻዎቹ የኩምቢው ጫፍ ላይ ናቸው። በጄራኖሚያ ከጫፉ ራቅ ብለው ወደ ራስ ይጠጋሉ። የያዝኩት ጄራኖሚያ ነበር። ሐጂ ይሄን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ወለላ ከጠጣማ የንቦቼ ጓደኛ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ አንድ የወደቀ ዛፍ ወሰዱን። ግንዱ ከመሬት ከፍ ብሎ ተጋድሟል። ሥሩ ጨለማና እርጥብ ነው። አሮጌ የሸረሪት ድር ክሮች ከግንዱ እስከ መሬት ተዘርግተዋል። በመጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ሐጂ እፍ አሉ።

ክሮቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። በአንድ ክር ላይ ስድስት፣ ሰባት፣ በሌላው ላይ አስር እግረ ረጅሞች ጎን ለጎን በፊት እግሮቻቸው ተንጠልጥለዋል። እፍ ሲባሉ ሁሉም አብረው ይወዛወዛሉ። የእግራቸው ጫፍ ነጭ ስለሆነ ጨለማው ውስጥ የሚታየው ነጩ ብቻ ነው። ነጫጭ ነጥቦች በአየር ላይ ይጨፍራሉ። ወንድሜ እጄን ያዘኝ። ማናችንም አልተናገርንም።

«እነዚህን ሳውቃቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው» አሉ ሐጂ። «ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ቀፎ ልንሰቅል ስንመጣ እዚህ እናርፍ ነበር። ድሩ አይዛቸውም። ስማቸውን ግን የነገረኝ ሰው የለም። አንቺ ተምረሻል፣ ስማቸው ማን ነው?»

«ቤተሰባቸውን አውቃለሁ ሐጂ። ሊሞኒዴ ይባላሉ። የራሳቸውን ስም ግን ገና አላወቅኩም።»

«ታዲያ ወስደሽ ጠይቂልኝ።»

ለምን ድር ላይ ያርፋሉ? የሚሰጠው አንዱ ምክንያት ጉንዳን እዚያ አይደርስባቸውም የሚል ነው። ክሩ ሲነካ ደግሞ ወዲያው ያውቃሉ። አምስት ብቻ ወሰድኩ፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። የወንዱ የሆድ ጫፍ እንደ ዱላ ራስ ይወፍራል። የሴቷ ይሾላል። ሹሉን ያየ ሰው መናደፊያ ይመስለዋል፤ እንቁላሏን እርጥብ ቦታ የምትሰካበት ነው። አምስቱን አምስት ፖስታ ውስጥ አድርጌ ደረቴ ኪስ ከተትኳቸው።

ቀን 5፦ ቡና ሥር

ወደ ታች ቡናው ጋ ወረድን። ሙቀት ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ጣቴ በብርድ ደንዝዞ እንደነበር ለማመን ይከብዳል። ማታ አንሶላውን በሁለት ዛፍ መካከል ዘርግተን መብራት ሰቀልን። የእሳት እራቱ እንደ በረዶ ዘነበብን። እግረ ረጅሞቹ ዘግይተው፣ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ቢጫ ሰውነቱ ላይ ጥቁር ሰንበር ያለው ኔፍሮቶማ መጣ፤ እሱን ከሩቅም አውቀዋለሁ። ቡናማ፣ ግራጫ፣ ክንፉ የተንቆጠቆጠ፣ ክንፉ እንደ ውሃ የጠራ። እስከ እኩለ ሌሊት 31 ፖስታ ሞላን። በየፖስታው ላይ ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታና ምን ላይ እንዳረፈ ጻፍኩ። ያለዚህ ጽሑፍ የሞተ በራሪ ብቻ ነው የሚቀረው።

ወንድሜ አንሶላውን እየያዘልኝ ሳለ አንድ ሰው አስታወስኩ። ቻርልስ ፖል አሌክሳንደር ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ተወልዶ በ1981 አረፈ። ማሳቹሴትስ ውስጥ እያስተማረ ዕድሜውን ሁሉ እግረ ረጅም ሲለይ ኖረ። ብቻውን ከ11,000 በላይ ዝርያዎችን ስም ሰጥቷል። ዛሬ ከምናውቃቸው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ባለቤቱ ሜብል አብራው ትሰበስብ ነበር፤ መኪናውንም የምትነዳው እሷ ነበረች። ስብስቡ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ነው የሚገኘው።

ይሄን ሳስብ አክብሮትም ቅሬታም ይሰማኛል። ከ11,000 ዝርያ ብዙው በአጭር መግለጫ የተጻፈ ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከደቡብ አሜሪካ በፖስታ የደረሱት በራሪዎች ብዙ ነበሩ። አንዳንዱ ዝርያ የሚታወቀው ከአንድ ናሙና ብቻ ነው። ዛሬ የያዝኩት የእሱ ይሁን ወይም አዲስ መሆኑን ለማወቅ ስሙ መጀመሪያ የተሰጠበትን ያንን ናሙና ማየት ያስፈልጋል። ናሙናው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ከእኛም አገር የወጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 እንግሊዛዊው ሂው ስኮት ከጆሴፍ ኦመር-ኩፐር ጋር መጥቶ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው ጀምጀም ጫካና በሌሎችም ቦታዎች ነፍሳት ሰብስቧል። ለንደን ነው ያሉት። የኛን ጫካ በራሪ ለመለየት ለንደንና ዋሽንግተን ያለን መሳቢያ ማስከፈት ያለብን መሆኑ ያሳዝነኛል። ጥሩ ፎቶ አንስተው ለሁሉም ሰው ክፍት የሚያደርጉ ቤተ መዘክሮች እየበዙ ነው። ይሄ ግን በጣም ያስፈልገናል፣ ቶሎም ያስፈልገናል።

ቀን 6፦ ጉንዳን

ጠዋት ስነሳ ፖስታዎቹን ያሳደርኩበት ጠረጴዛ ጠቁሯል። ጉንዳን ነው። በጠረጴዛው እግር ወጥቶ ፖስታዎቹን በልቷል። ከ31ዱ የተረፉት 12 ናቸው። ኔፍሮቶማው ከሄዱት ውስጥ ነው፤ ክንፉ ብቻ ቀረ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድሜ አንድም ቃል አልተናገረም። ፖስታዎቹን አንድ በአንድ እያራገፈ የቀረውን ለየልኝ። ክንፎቹን በሌላ ወረቀት ሰበሰበ። «ክንፍም ያናግራል ብለሽ የለ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከክንፍ ብዙ ይነበባል።

ትናንት በስቲያ ሐጂ ያሳዩን እነዚያ በራሪዎች ለምን ክር ላይ እንደሚተኙ ያን ጠዋት ገባኝ። አምስቱ ደረቴ ኪስ ውስጥ ስለነበሩ ተርፈዋል።

ለመስክ የምትወጡ ካላችሁ፦ የጠረጴዛውን አራት እግሮች ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ ነው የማደርገው።

በሪራ በኩል ስንመለስ ሐጂ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ማር በጠርሙስ ሰጡን። ስልክ ተለዋወጥን። ሳነቴን በዝናብ አቋረጥን፣ ሮቤ አደርን።

ቀን 9፦ አዲስ አበባ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር

ወደ ቤት ከተመለስን ሁለት ቀን ሆነ። አንድ ወዳጄ ማይክሮስኮፕ አዋሰችኝ። ከአምስቱ አንዱን ወንድ አወጣሁ።

መጀመሪያ ክንፉ። የፊቷ ቀጭን መስመር ወደ ጠርዝ ወጥታለች፤ ሊሞኒዴ። ቀጥሎ አንቴናው። ቆጠርኩ፤ ተሳሳትኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ። 16 ክፍል። ይሄም ይጠቅማል፤ ከሊሞኒዴ አንዱ ትልቅ ንዑስ ቤተሰብ አንቴናው በአብዛኛው 14 ክፍል ነው ያለው፣ ስለዚህ ከእሱ ወጣ። መካከል ላይ ያሉት የክንፍ መስመሮች አጠራር አስቸገረኝ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ መንገዱ ትሬንቴፖህሊያ ወደሚባለው ወገን መራኝ። በሸረሪት ድር ላይ በማረፍ የሚታወቅ የሞቃት አገር ወገን ነው።

ከወገን በኋላ ያለው በር የሚከፈተው በወንዱ የሆድ ጫፍ ነው። የሆዱን ጫፍ ቆርጬ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሞቅኩት። ሥጋው ሟሟ፣ ጠንካራው ብቻ ቀረ። ግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ ሳየው መቆንጠጫ የመሰሉ ሁለት ክንዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንድ ላይ ጥርስና ፀጉር። ሁለት ዝርያዎች በክንፍ፣ በቀለም፣ በእግር ፍጹም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ግን ይለያያሉ። በእርሳስ ሳልኩት። ሦስት ጊዜ ሳልኩት። ያገኘኋቸውን ሥዕሎች ሁሉ ከእሱ ጋር አስተያየሁ። በትክክል የሚገጥም የለም። አዲስ ነው ለማለት አልደፍርም። የሌሎቹን የመጀመሪያ ናሙናዎች ሳላይ እንዲህ ማለት ስህተት ነው። ሥዕሉንና ፎቶውን ለሚያውቁ ሰዎች ልኬአለሁ።

ማታ ስልኬ ጠራ። ሐጂ ናቸው።

«ስሙን አገኘሽው?»

«እስከ ወገኑ ደርሻለሁ ሐጂ። ትሬንቴፖህሊያ ይባላል። የዝርያው ስም ይቀራል።»

ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከበድ አላቸው። ከዚያ «ጎሽ። እኛ ጋ ዛሬም ዘንቧል፣ ድሩ ላይ ሞልተዋል» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ የመጨረሻውን ወረቀት ጻፍኩ። ትንሽ ናት፣ ከጥፍር ብዙ አትበልጥም። እንዲህ ትላለች፦

ኢትዮጵያ፣ ባሌ፣ ሐረና ጫካ። ከወደቀ ግንድ ሥር፣ በአሮጌ የሸረሪት ድር ላይ ተንጠልጥሎ። ወንድ። ቦታውን ያሳዩ፦ የሪራ ንብ አናቢ። ትሬንቴፖህሊያ፣ ዝርያ ________።